ቤት የሚያስተምረው ጠባይ

«ምከረው ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለውን ተረት የማያውቅ ያገራችን ሰው የለም። እኔም ሠላሳ ስድስት ዓመት በመምህርነት ስኖር የሠራሁት በዚህ ተረት ነው። አስቀድሜ እመክራለሁ፤ ምክሬን ያልሰማውን ደግሞ ለቅጣት አሳልፌ እሰጣለሁ። ከምክርና ከመከራ በቀር ሰውን የሚያርም ሌላ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ዛሬ ግን ከማስተማር ሥራ በጡረታ ተሰናብቼ፥ ዕድሜዬም ከስድሳ አልፎ፥ ወደ ኋላ ዘወር ብዬ ስመለከት፥ ሦስተኛ መካሪ መኖሩን ለማየት ችያለሁ። እርሱም ሰው የሚኖርበትና የሚሠራበት ቤት ነው። ቤት አፍ የለውም፤ ነገር ግን ከጧት እስከ ማታ ያስተምራል። በደንብ የተሠራ እንደ ሆነ በጎ ጠባይ ያስተምራል፤ በክፉ የተሠራ እንደ ሆነ ክፉ ጠባይ ያስተምራል።

ልጄ ሆይ፤ ዛሬ ለአንተ ለወጣቱ ምክር ከየአቅጣጫው ይጐርፍልሃል። «ውኃ አታባክን፤ መብራት አጥፋ፤ ቆሻሻ በየሜዳው አትጣል፤ ዛፍ አትቁረጥ» ትባላለህ። ምክሩ መልካም ነው፤ እኔም ስመክረው የኖርሁት ይህንኑ ነው። ነገር ግን በአፉ «አታባክን» የሚል ሰው በእጁ አባካኝ ቤት ሠርቶ ካበቃ በኋላ፥ ብክነቱን ሁሉ በነዋሪው ጠባይ ላይ ሲያላክክ ዝም ብሎ ማየት አይገባም። የዚህ ጽሑፍ ጠብ ከእንደዚህ ያለው ሰው ጋር ነው። ከእነዚያም ሰዎች አንዱ እኔ ራሴ ስለ ነበርሁ፥ ክሱን ከራሴ እጀምራለሁ።

ነገሩ የሆነው በ1999 ዓ.ም. ነው። የማስተምርበት ትምህርት ቤት አዲስ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ አሠርቶ ገባንበት። ሁላችንም በደስታ ነበር የገባነው። የመማሪያ ክፍሎቹ ከረጅም መተላለፊያ በግራና በቀኝ የተደረደሩ ስለ ነበሩ፥ ብርሃን የሚያገኙት በአንድ ወገን ብቻ ነበር። የእኔ ክፍል መስኮት ደግሞ ወደ ምዕራብ የሚመለከት ነበርና፥ ከቀትር በኋላ ፀሓይዋ የተማሪዎቹን ዓይን እየወጋች አላስጽፍ አለቻቸው። ስለዚህ መስኮቱን በወፍራም መጋረጃ ሸፈንነው፤ መስኮቱ በተሸፈነም ጊዜ ክፍሉ ስለ ጨለመ በጠራራ ፀሓይ መብራት አበራን። ወሩ ሲያልቅ የመብራቱ ሒሳብ በዛ ተብሎ ተግሣጽ መጣ። እኔ የሥነ ምግባር መምህር ነበርሁና፥ «ከእንግዲህ ወዲህ ባዶ ክፍል ውስጥ መብራት ሲበራ ባገኝ የክፍሉ አለቃ ይቀጣል» ብዬ አዘዝሁ።

ከሳምንት በኋላ ተማሪዎቹ ለስፖርት ወጥተው ሳለ ክፍሉ ባዶውን ሲበራ አገኘሁት። የክፍሉን አለቃ አስጠርቼ፥ «ለምን አላጠፋህም?» ብዬ ጠየቅሁት። ልጁ ዐሥራ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ቀና ብሎ አየኝና፥ «ቲቸር፥ ማጥፊያው የት እንደ ሆነ ያሳዩኝና ላጥፋው» አለኝ። እኔ ይህን እንደ ድፍረት ቈጠርሁበት። ጓደኞቹ ሲመለሱ በሰሌዳው ፊት ተንበርክኮ አገኙት፤ ከጠባዩም ማርክ ቀነስሁበት።

በዚያው ቀን ማታ ወደ ቤቴ ስወጣ ነገሩ ከነከነኝና ዘበኛውን ጠየቅሁት። ዘበኛው ወደ ደረጃው አጠገብ ወስዶ በግድግዳው ላይ የተቀበረ የብረት ሣጥን አሳየኝ። በቁልፍ ተዘግቷል። «ጋሼ፥ የፎቁ መብራት ሁሉ የሚበራውና የሚጠፋው ከዚህ ነው፤ ቁልፉም በእኔ እጅ ነው። አንዱ ክፍል ባዶ ቢሆንም ሌሎቹ ስለሚማሩ አላጠፋውም» አለኝ። ልጁ እውነቱን ነበር። በክፍሉ ውስጥ ማጥፊያ አልነበረም። እኔ አንድ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወር እስኪቀረኝ ድረስ በዚያ ክፍል ሳስተምር ማጥፊያ አለመኖሩን አላስተዋልሁም፤ ልጁ ግን አስተውሎ ነበር። በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቀው ይገባኝ ነበር። ነገር ግን መምህር ተማሪውን ይቅርታ ሲጠይቅ ክብሩ የሚቀንስ መስሎኝ ዝም አልሁ። ልጁም በዓመቱ መጨረሻ ትምህርት ቤቱን ለቅቆ ሄደ።

ይህ ነገር ከኅሊናዬ አልጠፋ ስላለ፥ እኔ ራሴ የተማርሁበትን ቤት ማስታወስ ጀመርሁ። ፊደል የለየሁት በምዕራብ ኢትዮጵያ በአንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ቤቱ በድንጋይ የተሠራ፥ ግድግዳው ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው፥ አንድ ፎቅ እንኳ የሌለው ዝቅተኛ ቤት ነበር። ክፍሎቹ በረድፍ የተሠሩ ስለ ነበሩ እያንዳንዱ ክፍል በሰሜንና በደቡብ በሁለቱም ወገን መስኮት ነበረው። በፊቱ ሰፊ በረንዳ ስለ ነበረ ፀሓይም ዝናምም ወደ ውስጥ አይገባም። በቆርቆሮው ጣራ ዳር አሸንዳ ተሰቅሎ፥ የዝናሙን ውኃ ከቤቱ ማዕዘን ወዳለው ትልቅ የብረት ታንከር ያወርደው ነበር። እጃችንን የምንታጠብበት ውኃ ደግሞ በቦይ ሄዶ የጐመኑን መደብ ያጠጣ ነበር።

በዚያ ትምህርት ቤት ስለ ብዙ ነገር ተመክሬአለሁ፤ ስለ ጸሎት፥ ስለ ንጽሕና፥ ስለ ሰዓት አክባሪነት። «ውኃ አታባክኑ» ብሎ የመከረን ሰው ግን አላስታውስም። መካሪ አላስፈለገንም ነበርና። በበጋ እኛ ልጆች በታንከሩ አጠገብ ስናልፍ በጣታችን ጐን መታ መታ እናደርገዋለን። ውኃ ያለበት ቦታ ድምፁ የታፈነ ነው፤ ባዶ የሆነው ቦታ እንደ ከበሮ ይጮኻል። በጥር ከበሮው ከደረታችን በላይ ነበር፤ በመጋቢት ከጉልበታችን ይደርሳል። ያን ጊዜ ውኃ የሚደፋ ልጅ ቢገኝ የሚቈጡት ጓደኞቹ እንጂ መምህሩ አልነበሩም።

እንግዲህ የሁለቱን ቤቶች ልጆች እናስተያይ። እኛ ከእነርሱ የተሻለ ልብ አልነበረንም፤ እንዲያውም እኛ የባስን አስቸጋሪዎች ነበርን። ልዩነቱ ከቤቱ ነው። የፊተኛው ቤት የሚያልቀውን ነገር እያሳየ፥ የሚጠቅመውን ሥራ በእጃችን አጠገብ አስቀምጦልን ነበር። የኋለኛው ቤት ግን ፍላጎቱን ራሱ ፈጠረው፥ መሣሪያውን ቈለፈበት፥ ከዚያም ጥፋቱን በልጁ ላይ ጣለበት። ያን ድንጋይ ቤት የሠሩት ሰዎች ምናልባት ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ አንድም ቀን አላሰቡ ይሆናል። በዚያ አገር በዚያ ዘመን የኤሌክትሪክ መብራት ስላልነበረ፥ የፀሓይን ብርሃን መጠቀም ግድ ሆነባቸው። የእኛ ዘመን ሰው ግን ኤሌክትሪክ ስላገኘ ፀሓይን መናቅ ጀመረ።

ፀሓይን መናቅ በአዲስ አበባ ከሌላው አገር ይልቅ ያሳፍራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፥ የዓመቱ አማካይ ሙቀቷም 16 ዲግሪ ገደማ የሆነ ከተማ ናት። በጥሩ የተሠራ ቤት በዚህች ከተማ ማቀዝቀዣም ማሞቂያም ሳይፈልግ ዓመቱን ሁሉ ሊያኖር ይችላል። የፀሓይዋም አካሄድ የታወቀ ነው። ከተማይቱ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለ ሆነች፥ በቀትር ፀሓይዋ ዓመቱን ሙሉ ከራስ በላይ ከፍ ብላ ትቆማለች፤ በክረምት ጥቂት ወደ ሰሜን፥ በበጋ ጥቂት ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ በሰሜንና በደቡብ ያለውን መስኮት አንድ ክንድ የሚያህል የጣራ ጥላ ይከልለዋል። በምሥራቅና በምዕራብ ያለውን መስኮት ግን ጧትና ማታ ፀሓይዋ ዝቅ ብላ በቀጥታ ስለምትገባበት ጥላ አያድነውም። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ዓመት ሙሉ በግቢው ውስጥ ጥላ መመልከት ብቻ ነው። ሽማግሌ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል።

ይሁን እንጂ በዋና ዋና መንገዶች ዳር የሚነሡትን ሕንፃዎች ተመልከት። በአራቱም ማዕዘን ከላይ እስከ ታች መስተዋት ለብሰዋል፤ ሰሜኑና ምዕራቡ አንድ ዓይነት ነው። መስተዋት የፀሓይን ብርሃን ያስገባል፤ ያ ብርሃን ወንበሩንና ወለሉን አሙቆ ወደ ሙቀት ከተለወጠ በኋላ ግን ተመልሶ እንዲወጣ አይፈቅድለትም። አበባ የሚያለሙ ሰዎች በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ሙቀት የሚያጠራቅሙት በዚሁ ዘዴ ነው። አበባ ይወደዋል፤ ጸሓፊ ግን ያልበዋል። ባለፈው ዓመት አንድ ጉዳይ ኖሮኝ በእንደዚህ ያለ ሕንፃ ወደሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ነው። ሠራተኞቹ በምዕራብ በኩል ያለውን መስተዋት አንዳንዱን በመጋረጃ፥ አንዳንዱን በጋዜጣ ሸፍነውታል። በላያቸው መብራት ይበራል፤ በጐናቸው የማቀዝቀዣ መኪና ይጮኻል። በግድግዳውም ላይ «ኃይል መቆጠብ የሁላችንም ኃላፊነት ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፎአል። የእኔን የ1999ኙን ክፍል በመቶ እጥፍ አድርጎ እንደ ማየት ነበር።

በዚያው ሕንፃ ሌላም ነገር አየሁ። ወደ ሁለተኛው ፎቅ ለመውጣት ደረጃ ፈለግሁ። ሊፍቱ በመግቢያው ፊት ለፊት በእብነ በረድ ተከብቦ ያበራል። ደረጃው ግን ከሽንት ቤቱ ጀርባ፥ መስኮት በሌለው ጨለማ ቦታ፥ በከባድ የብረት በር ተዘግቶ ተገኘ። «ወጣቱ ሰነፈ፤ ለአንድ ፎቅ ሊፍት ይጠብቃል» ብሎ የሚወቅስ ሰው ያን በር ሄዶ ይመልከት። ደረጃው ሰፊ ሆኖ፥ ብርሃን ገብቶለት፥ ከመግቢያው ፊት ለፊት ቢደረግ፥ ሊፍቱም ለደካማና ለአካል ጉዳተኛ ጐን ለጐን ቢቀመጥ፥ ጤነኛው ሰው ማንም ሳይመክረው በእግሩ ይወጣ ነበር።

«ትልቅ ሕንፃ ያለ ማቀዝቀዣ መኪና አይሆንም» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እንደሚሆን አፍሪካ ራሷ አሳይታለች። በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996፥ ሚክ ፒርስ የሚባለው የሕንፃ ንድፍ ዐዋቂ ኢስትጌት የተባለውን የሱቅና የቢሮ ሕንፃ ሠራ። ሐራሬ ከአዲስ አበባ ይልቅ ትሞቃለች። ሰውዬው አሳቡን የወሰደው ከምስጥ ኵይሳ ነው። ሕንፃው ወፍራም አካል ስላለው ቀን ሙቀቱን ይውጠዋል፤ ሌሊት ደግሞ ቀዝቃዛው አየር በወለሎቹ ውስጥ በተተወለት ባዶ መተላለፊያ እየገባ ያን ሙቀት ጠርጎ በጣራው ላይ ባሉት ጭስ ማውጫዎች ያወጣዋል። መስኮቶቹም ጥላ አላቸው። በዚህ ዓይነት እንደ ሌሎቹ ሕንፃዎች ያለ የማቀዝቀዣ መሣሪያ ሳይገባለት ይሠራል፤ በውስጡ የሚሠራውም ሰው ሳያውቀው ቈጣቢ ሆኖ ይውላል። ምስጥ የሚያውቀውን እኛ ካላወቅን ትምህርታችን ለምን ይሆን?

ስለ ውኃም እንዲሁ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980 በአውስትራሊያ ብሩስ ቶምሰን የሚባል ሰው የሽንት ቤት ውኃ መልቀቂያ ሁለት አዝራር እንዲኖረው አደረገ፤ አንዱ 11 ሊትር፥ ሁለተኛው 5.5 ሊትር የሚለቅ ነበር። ዛሬ የሚሠሩት ደግሞ ከዚያ እጅግ ባነሰ ውኃ ይሠራሉ። ያ አዝራር ማንንም አልሰበከም። አስቀድሞ ሰው ለትንሹም ለትልቁም አንድ ዓይነት ውኃ እንዲደፋ የተገደደ ነበር፤ አዝራሩ ሁለት ሲሆን ግን መምረጥ ቻለ። መምረጥ በማይቻልበት ቦታ ሰውን በምርጫው መውቀስ እኔ በልጁ ላይ ያደረግሁት ዓይነት ግፍ ነው።

ደግሞ ይህን ሒሳብ በደብተርህ አስላ። በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናም ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ይሆናል። በአዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንማል። ስለዚህ 100 ካሬ ሜትር የሆነ ጣራ በዓመት ከ100,000 ሊትር በላይ ይቀበላል፤ ይህም 5,000 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ገሚሱ እንኳ ቢፈስስና ቢተን፥ የቀረው ልብስ ለማጠብ፥ ወለል ለመወልወልና አትክልት ለማጠጣት የሚናቅ አይደለም። ቧንቧው በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሰዎች ጀሪካን ይዘው ሲሰለፉ፥ ከጣራቸው የወረደው ዝናም ግን በክረምት መንገዱን እየሸረሸረ ወደ ወንዝ ይወርዳል። አሸንዳና ሮቶ በቤቱ ንድፍ ላይ ቢታሰቡ ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

ሒሳብ የማይለይበት ቤትም ጠባይ ያበላሻል። በወጣትነቴ ስድስት ቤተሰብ በአንድ የመብራትና በአንድ የውኃ ቆጣሪ በምንጠቀምበት ግቢ ተከራይቼ ኖሬአለሁ። ሒሳቡ በእኩል ይከፈል ነበርና፥ የቈጠበ ሰው ትርፉን ለስድስት ያካፍላል፤ ያባከነም ዕዳውን ለስድስት ያካፍላል። ከመካከላችን እጅግ ቈጣቢ የነበሩ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ሁለት ዓመት ታገሡ፤ በሦስተኛው ዓመት እርሳቸውም እንደ ሌላው ቧንቧውን ከፍተው መተው ጀመሩ። ባልቴቲቱን ያበላሸ ክፉ ጓደኛ አልነበረም፤ ያ አንድ ቆጣሪ ነው።

የቆሻሻውን ነገር ለማንሣት ልብ ያዝናል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቆሼ ተራራ ሆኖ የተከመረው ቆሻሻ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ። ያ ተራራ ከብዙ ዐሥርተ ዓመታት ጀምሮ ከየቤታችን በወጣ ነገር የተከመረ ነው። ከየወጥ ቤታችን የሚወጣው ቆሻሻ አብዛኛው የአትክልት ልጣጭና የምግብ ትራፊ ስለ ሆነ፥ ለብቻው ቢለይ ወደ ማዳበሪያ ሊለወጥ የሚችል ነው። «ታዲያ ለምን አትለዩትም?» ብለው ነዋሪውን ይወቅሱታል። ነገር ግን ሁለት እርምጃ በማይሞላ ወጥ ቤት ውስጥ ሁለተኛ ቅርጫት የት ይቀመጥ? ከአራተኛ ፎቅ ይዞ የሚወርድስ ሰው ከታች የሚያገኘው አንድ የተደባለቀ ክምር ብቻ ከሆነ፥ ከላይ መለየቱ ምን ረባው? ቤት የሚሠራ ሰው ለመኪና ማቆሚያ ቦታ እንደሚተው ሁሉ ለሁለት ቅርጫት ቦታ መተው ነበረበት።

ይህን ሁሉ ስናገር የጥንቱን ጎጆ አምላክ ለማድረግ አይደለም። ጎጆአችን ለአየሩ የሚስማማ ቢሆንም፥ ጭስ ማውጫ ስለሌለው የእናቶቻችንን ዓይንና ሳንባ አቃጥሏል። ሦስት ጉልቻውም በዙሪያው ክፍት ስለ ሆነ እሳቱን ለነፋስ እየበተነ ጫካውን በልቷል። እናቶቻችን «ዛፍ አትቁረጡ» ተብለው ብዙ ዘመን ተመክረዋል፤ እንጀራ መጋገር ግን ግድ ነውና ምክሩ አልረዳቸውም። የረዳቸው ዙሪያውን በሲሚንቶ የታጠረው «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ነው። እሳቱን በግድግዳ ስለ ከበበው የእንጨቱን ወጪ ወደ ግማሽ ገደማ ይቀንሳል። እንግዲህ ትንሽ ግድግዳ ብዙ ስብከት ያልሠራውን ሠራ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

አሁን የሚቃወሙኝን ልስማ። አንደኛው፥ «ክፉ ሰው በመልካም ቤት ውስጥም ክፉ ነው፤ ዋናው ልብ ነው» ይለኛል። እውነት ነው፤ የልብን ሥራ ቤት አይተካውም። ነገር ግን አብዛኛው ሰው ክፉም ቅዱስም አይደለም፤ ይደክመዋል፥ ይቸኩላል፥ ይረሳል። በጎ ሥራ በቀን ሃያ ጊዜ ትግል የሚጠይቀው ከሆነ በሃያ አንደኛው ይሸነፋል። መልካም ቤት ልቡ ለከባዱ ነገር ኃይሉን እንዲቈጥብ ቀላሉን ነገር ያቀልለታል።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ኦሪትን ስንማር በዘዳግም ያለው አንድ ትእዛዝ አሁን ትዝ ይለኛል። ሙሴ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል፤ ሰው ከዚያ ቢወድቅ ደሙ በባለቤቱ ላይ እንዳይሆን። ልብ በል፤ ሕጉ «ልጆቻችሁን ከጣራ እንዳይወድቁ ምከሩአቸው» አላለም። ተጠያቂ ያደረገው ቤቱን የሠራውን ነው። ያ ሕግ የተሰጠው ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ነው፤ እኛ ግን ዛሬም መከታ የሌለው ጣራ ሠርተን የወደቀውን ልጅ እንገርፋለን።

ሁለተኛው ተቃዋሚ፥ «ይህ የሀብታም አገር ነገር ነው፤ እኛ ድሆች ነን» ይለኛል። መስኮትን ከምዕራብ ወደ ሰሜን ማዞር ስንት ብር ያስወጣል? ማጥፊያውን ከብረት ሣጥን አውጥቶ በበሩ አጠገብ ማድረግስ? የሚያስወጣው መስተዋቱ ነው፤ እርሱና ማቀዝቀዣው ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ ተገዝተው ይመጣሉ፤ ድንጋዩና ሸክላው ግን ከእግራችን በታች ነው። ድሃ አባካኝ ቤት ለመሥራት አቅም የለውም።

ሦስተኛው ደግሞ፥ «ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የህዳሴ ግድብ ተመርቆልናል፤ ከእንግዲህ መብራት ሞልቶ ተርፎናል» ይለኛል። በግድቡ እኔም እንደ ማንም ሰው ደስ ብሎኛል፤ ከጡረታዬም ቦንድ ገዝቼበታለሁ። ነገር ግን ያን ግድብ የሠራነው በመጋረጃ በተሸፈነ መስተዋት ሥር በቀን መብራት ለማብራት ነውን? በገጠር ገና በኩራዝ የሚያጠኑ እጅግ ብዙ ልጆች አሉን። በከተማ በከንቱ የሚበራው መብራት የእነርሱ ድርሻ ነው።

አራተኛውና የመጨረሻው ተቃዋሚ ምክንያት አያቀርብም፤ «መስተዋት ሥልጣኔ ነው» ብቻ ይላል። ለእርሱ የምመልሰው አጭር ነው። ሥልጣኔ ማለት የራስን አገር ፀሓይና ዝናም ዐውቆ መኖር ነው። የሌላውን አገር ካፖርት በቆላ የሚለብስ ሰው ሠለጠነ አይባልም።

ወጣት ሆይ፤ ከእናንተ መካከል አንዳንዱ መሐንዲስ፥ አንዳንዱ ባለ ቤት፥ አንዳንዱ ርእሰ መምህር፥ የሚበዛው ደግሞ ተከራይ ይሆናል። መሐንዲስ የምትሆን፥ ንድፍህን ከመጨረስህ በፊት ፀሓይዋ በየት ገብታ በየት እንደምትወጣ ተመልከት፤ ደረጃውን አሳየው፥ ማጥፊያውን በእጅ አጠገብ አድርገው፥ ለዝናሙ መውረጃ ብቻ ሳይሆን ማደሪያም ስጠው። ባለ ቤት የምትሆን፥ ለእያንዳንዱ ተከራይ የየራሱን ቆጣሪ አግባለት፤ ከዚያ በኋላ ውቀሰው። ተከራይ የምትሆንም፥ ቤት ስታይ ቀለሙንና ሰድሩን ብቻ አትይ። «መስኮቱ ወዴት ይመለከታል? ውኃው ሲያልቅ በምን ይታወቃል? ቆሻሻው በየት ይወጣል?» ብለህ ጠይቅ። ጠያቂ ሲበዛ ሠሪው ይታረማል፤ ገዢ ያልጠየቀውን ሻጭ አያመጣውምና።

መምህር ወይም አለቃ የምትሆን ደግሞ፥ የበታችህን ስለ ብክነት ከመቅጣትህ በፊት እርሱ በቆመበት ቦታ ሄደህ ቁም። እጁ የት እንደሚደርስ፥ ዓይኑ ምን እንደሚያይ ተመልከት። ምናልባት የሚቀጣው ሌላ ሰው ሆኖ ታገኘው ይሆናል።

ያ ልጅ ዛሬ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ጐልማሳ ነው። የት እንዳለ አላውቅም። ይህች ትንሽ መጽሐፍ በሆነ መንገድ በእጁ ብትገባ፥ በዚያን ቀን በጓደኞቹ ፊት ያንበረከከው መምህሩ ስሕተቱን እንዳመነ ይወቅልኝ። ማጥፊያው የት እንደ ሆነ ጠይቀኸኝ ነበር፤ መልስ ሳልሰጥህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ገደማ አለፈ። ማጥፊያው በቁልፍ ተዘግቶ ነበር፤ ቁልፉንም ማስከፈት የሚገባኝ እኔ ነበርሁ። ይቅርታ አድርግልኝ።